የተቀናጀ ትምህርት ማቀጃ ደብተር፦ በጎንደር ለአንድ መንፈቀ ዓመት ከሠራንበት በኋላ

ባለፈው ነሐሴ መጨረሻ፣ ለዓመታዊ ዕቅድ ዝግጅት ከመሰባሰባችን ጥቂት ቀናት ቀደም ብዬ፣ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር የተቀናጀ ትምህርት ማቀጃ ደብተር፣ ማለትም የተለያዩ ትምህርቶችን በአንድ ጥያቄ ዙሪያ አያይዞ ለማስተማር ዕቅድ የሚጻፍበት ደብተር፣ በ260 ብር ገዛሁ። ደብተሩ በኤ4 ወረቀት የታተመ፣ 96 ገጽ ያለውና በሽቦ የተጠረዘ ሲሆን፣ ለ5ኛ እና ለ6ኛ ክፍል መምህራን የተዘጋጀ መሆኑ ሽፋኑ ላይ ተገልጿል። እኔና ሦስት ባልደረቦቼ ከመስከረም እስከ ጥር በ5ኛ ክፍል ሠርተንበታል፤ 6ኛ ክፍልን የተውነው ተማሪዎቹ ክልላዊ ፈተና ስለሚጠብቃቸውና ወላጆችም እንዳይሰጉ በማሰብ ነው።

ለእኔ ደብተሩን ዋጋ ያሰጡት የመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች ናቸው። የለመድናቸው የዕቅድ ቅጾች ከምዕራፍ፣ ከንዑስ ርዕስና ከክፍለ ጊዜ ብዛት ስለሚጀምሩ፣ መምህሩ ከሌላው መምህር ጋር ሳይነጋገር ለብቻው ሞልቶ ለርዕሰ መምህሩ ማስረከብ ይችላል። ይህ ደብተር ግን ከሁሉ አስቀድሞ፣ ተማሪዎች በእግራቸው ሄደው፣ በዓይናቸው አይተው ሊመረምሩት የሚችሉት ጥያቄ ምን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ለመልሱም የሚሰጠው ሁለት መስመር ብቻ ነው። ከሥሩ በጥያቄው የተስማሙት መምህራን ሁሉ የሚፈርሙበት ቦታ አለ። በ5ኛ ክፍል እያንዳንዱን ትምህርት የተለያየ መምህር በሚያስተምርበት ትምህርት ቤት፣ ይህች የፊርማ ቦታ ሥራውን ግማሽ መንገድ ታደርሰዋለች፤ ፊርማው እንዲሟላ አራታችንም አንድ ጠረጴዛ ዙሪያ መቀመጥ ነበረብንና።

መጀመሪያ የጻፍነው «ቅርስ» የሚል ነበር። አንድ ቃል ሁሉንም የሚያስማማ ቢመስልም ልጆቹ ሊመልሱት የሚችሉት ጥያቄ እንዳልሆነ ሁለቱ መስመሮች ራሳቸው አሳዩን። ከብዙ ክርክር በኋላ «የፋሲል ግቢ አጥር ያለ ሲሚንቶ እንዴት እስከ ዛሬ ቆመ?» የሚለው ላይ ደረስን። ግቢው በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው በ1979 እ.ኤ.አ. መሆኑን ልጆቹ ከመጽሐፍ ያውቁ ነበር፤ በየቀኑ በአጠገቡ እያለፉ ግን ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር ያያያዘው ምን እንደሆነ ጠይቀው አያውቁም ነበር።

የሒሳቡ መምህር ሥራውን የጀመሩት ከትምህርት ቤቱ ሜዳ ነው። 10 ሜትር በሜትር ተለክቶ በጠመኔ ተሰመረ፤ ልጆቹ በየተራ እየተራመዱ የእርምጃቸውን ርዝመት አወጡ። ቅዳሜ ጠዋት በቡድን በቡድን ሆነው፣ ወደ ግቢው ሳይገቡ፣ አጥሩን በውጭ በኩል ዞሩት። የአንደኛው ቡድን ቆጣሪ እርምጃዋ 60 ሳንቲ ሜትር ሲሆን 1,512 ቆጠረች፤ የሌላው ቡድን ቆጣሪ በ62 ሳንቲ ሜትር እርምጃ 1,398 አገኘ። ሰኞ ዕለት ሲያባዙት የመጀመሪያው 907 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 866 ሜትር ከ76 ሳንቲ ሜትር ሆነ። የአጥሩ ርዝመት 900 ሜትር ተብሎ እንደሚታወቅ የተነገራቸው ከዚህ በኋላ ነው። ማን እንደተሳሳተ ለማወቅ የተነሣው ጭቅጭቅ ሙሉውን 40 ደቂቃ ወሰደ፤ መንገዱ ከአጥሩ የሚርቅባቸው ቦታዎች እንዳሉ፣ ዳገት ላይ እርምጃ እንደሚያጥር፣ አማካይ መውሰድም ለምን እንደሚያስፈልግ ልጆቹ ራሳቸው አነሡት። ስለ አማካይ የተማሪው መጽሐፍ የሚሰጠው መልመጃ መጥፎ አይደለም፤ ነገር ግን የራሳቸውን እግር ያደከመ ቁጥር ሲሆን ልጆች የአሥርዮሽ ነጥቡን እንኳ በቸልታ አያልፉትም።

በአካባቢ ሳይንስ ክፍለ ጊዜ ድንጋዮቹን ወዳያያዘው ወደ ኖራው ገባን። የኖራ ድንጋይ 900 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከውስጡ ይወጣል፤ የቀረው ነገር ውኃ ሲጨመርበት (ይህን ኖራ ማጥፋት ይሉታል) እና ከአሸዋ ጋር ሲቦካ ማያያዣ ይሆናል፤ በግንቡ ላይ ካረፈ በኋላም ያንኑ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከአየር ቀስ በቀስ መልሶ እየሳበ ወደ ድንጋይነት ይመለሳል። የተቃጠለ ኖራ ዓይንና ቆዳ ስለሚጎዳ ማጥፋቱን ክፍል ውስጥ አልሞከርነውም። ይልቁንም በመስታወት ብርጭቆ ጥርት ያለ የኖራ ውኃ አዘጋጅቼ በቀጭን ቱቦ ትንፋሼን እፍ አልኩበት። በትንፋሼ ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ስላለ ውኃው እንደ ወተት ነጣ። ከኋላ ወንበር የተቀመጠ አንድ ልጅ ተነሥቶ «ታዲያ ግንቡ የእኛን ትንፋሽ ይስባል ማለት ነው?» ሲል ጠየቀ። ይህን ጥያቄ በደብተሩ «የተማሪዎች ጥያቄ» በሚለው ገጽ ላይ ቃል በቃል ጽፌዋለሁ፤ ይህ ገጽ በየሳምንቱ መጨረሻ መኖሩ ሌላው ያደነቅሁት ነገር ነው።

የአማርኛ መምህርታችን ደግሞ በዕድሜ የገፉ አንድ ግንበኛን ወደ ክፍል ጋብዘው ልጆቹን ቃለ መጠይቅ አስደረጉ። «አባባ፣ ሲሚንቶ ሳይኖር ድንጋዩን ምን ያዘው?» ተብለው ሲጠየቁ «ኖራ ነው ልጄ፤ ቸኩለህ ከሠራኸው ግን ይረግፋል» አሉ። ልጆቹ የሰሙትን ወደ ድርሰት ሲለውጡ፣ ሳይንሱን ከእኔ፣ ታሪኩን ከመጽሐፍ፣ አሠራሩን ከእርሳቸው ወስደው ነበር። ዐፄ ፋሲል በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን መናገሻ ማድረጋቸውና ከእርሳቸው በኋላ የነገሡትም በዚያው ግቢ የየራሳቸውን ግንብ ማነጻቸው በድርሰቶቹ ውስጥ ቦታውን አግኝቶ የገባው ማንም ሳያስገድድ ነው።

ከመጀመሪያዎቹ አራት ገጾች በኋላ ያሉት የዕቅድ ገጾች ግን እንደ እነርሱ አልታሰበባቸውም። ሳምንታዊው ሠንጠረዥ ለሰባቱም የትምህርት ዓይነቶች እኩል ሣጥን ሰጥቶ፣ እያንዳንዱ ሣጥን በየሳምንቱ ከጥያቄው ጋር ተያይዞ እንዲሞላ ያዝዛል። ይህ ከባድ ስሕተት ይመስለኛል። እኛ በሦስተኛው ሳምንት ሣጥን ላለመተው ስንል ለሰውነት ማጎልመሻ «ድንጋይ የማቀበል ጨዋታ» ፈጠርን፤ ልጆቹ ተጫወቱ፣ ስለ ግንቡም ሆነ ስለ ሰውነታቸው የተማሩት ነገር ግን አልነበረም። ሒሳብም ከአጥሩ ልኬት በኋላ ወደ ራሱ ቅደም ተከተል መመለስ ነበረበት፤ ክፍልፋይን በግድ ከኖራ ጋር ማጋባት ክፍልፋዩንም ኖራውንም ያደበዝዛል። ከአራተኛው ሳምንት ጀምሮ በእውነት የሚገናኙትን ሁለት ወይም ሦስት ትምህርቶች ብቻ እየጻፍን ሌላውን ሣጥን በሰረዝ ዘጋነው፤ ሥራው ወዲያው ተቃና።

የጊዜ አቆጣጠሩም ለእኛ አልተሰፋም። ደብተሩ የተዘጋጀው ለ12 ሳምንት ብቻ ነው፤ የእኛ መንፈቀ ዓመት ከዚያ ይረዝማል። ገናም ሆነ ጥምቀት ቦታ የላቸውም፤ ጎንደር ውስጥ ደግሞ ከጥር 11 በፊት ባሉት ቀናት የከተማው ሐሳብ ሁሉ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ መሆኑን የማያውቅ ዕቅድ ወረቀት ላይ ይቀራል። የተቀናጀውን ሥራ ከጥቅምት መግቢያ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አድርገን፣ የቀረውን ጊዜ ለመደበኛ ክለሳና ለፈተና ተውነው። የሳምንቱ ማነስ በዚህ ረገድ ጠቅሞናል ማለት ይቻላል።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረን ውጤት አሰጣጡ ነው። ልጆቹ በኅብረት የሠሩት አንድ ሥራ ሲሆን፣ የተማሪዎች ውጤት የሚሞላበት ሮስተር የሚጠይቀው ግን ለእያንዳንዱ ትምህርት የተለየ ማርክ ነው። ደብተሩ ለጠቅላላ ሥራው አንድ ውጤት ብቻ የሚሞላበት ቦታ አዘጋጅቶ ያቆማል፤ ያ ውጤት ለማን እንደሚገባ አይናገርም። እኛ በጀርባ ሽፋኑ ላይ በእጃችን ሠንጠረዥ አሰመርን፦ የእርምጃው ስሌት ለሒሳብ 10፣ የኖራው ማብራሪያ ለአካባቢ ሳይንስ 10፣ ድርሰቱ ለአማርኛ 10፣ የአጥሩ ሥዕል ለእይታ ጥበብ 10፤ ሁሉም በተከታታይ ምዘና ውስጥ ተያዘ። ሱፐርቫይዘር ሲመጣም ያስረዳንበት ይኸው ሠንጠረዥ ነው። አዘጋጆቹ በሚቀጥለው እትም እንዲህ ያለ አንድ ገጽ ቢጨምሩ የብዙ መምህራንን ጭንቀት ያቃልላሉ።

ስለ ኅትመቱ ብዙ የምለው የለም። ወረቀቱ እስክሪብቶ አያስተላልፍም፤ ሣጥኖቹ ግን ለአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ጠባብ ናቸው፤ ሽቦውም በኅዳር መላላት ጀምሯል።

ለብቻው ለሚያቅድ መምህር ይህን ደብተር አልመክርም፤ ተራ ደብተር ይበቃዋል። ቢያንስ ሦስት ሆነው አንድ ክፍል የሚያስተምሩ መምህራን ግን አዋጥተው አንድ ቅጂ ቢገዙ፣ ለጥያቄው ገጽ ሲሉ ብቻ ያወጡት ገንዘብ አይቆጫቸውም። እኛም ለሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ሌላ ቅጂ ገዝተናል። በሁለቱ መስመሮች ላይ «ከአንገረብ ግድብ የተነሣው ውኃ ክፍላችን ደጃፍ እስኪደርስ በምን በምን ያልፋል?» ተብሎ ተጽፏል፤ የሦስታችን ፊርማ ሠፍሯል፣ የሒሳቡ መምህር ግን ጥያቄው በእግር የሚደረስበት መሆኑን ቅዳሜ ሄደው ሳያዩ እንደማይፈርሙ ነግረውናል።