የኤርባጉን መብራት በእውነት ላጠፉልኝ ኤሌክትሪሺያን ምስጋና

ጤና ይስጥልኝ ወገኖች። እንዲህ ያለ ጽሁፍ አዘውትሬ አልጽፍም፤ ዛሬ ግን አንድ የመኪና ኤሌክትሪሺያን ሳላመሰግን ብቀር ውለታ ቢስ እሆናለሁ። የኤርባግ (በግጭት ጊዜ ከመሪው ወጥቶ የሚነፋው የአየር ከረጢት) መብራት በርቶ አልጠፋ ያላችሁ፣ ክላክሳችሁ አንዴ ሠርቶ አንዴ እምቢ የሚላችሁ ካላችሁ እባካችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ስቴሪንግ ራኩ፣ ማለትም የመሪውን ዙረት ወደ ፊት ጎማዎች የሚያስተላልፈው ክፍል፣ ተፈትቶ ከተቀየረ በኋላ ነው። መኪናዬን ስረከብ መሪው ቀጥ ብሏል፣ አነዳዱም ደህና ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ግን ወደ ግራ ጥግ ድረስ ስጠመዝዝ ከመሪው ውስጥ ወረቀት እንደሚፋተግ ያለ ኮሽታ ይሰማኝ ጀመር። ምንም አይደል ብዬ ተውኩት። ቀጥሎ መሪው ላይ ያለው የሬዲዮ ድምፅ መጨመሪያ መሥራት አቆመ። ከዚያ ክላክሱ አመል አወጣ፤ መሪው ቀጥ ሲል ይጮኻል፣ ሲጠመዘዝ ጭጭ ይላል። በመጨረሻ ዳሽቦርዱ ላይ ያ የተቀመጠ ሰውና ከፊቱ ክብ ነገር ያለበት የኤርባግ ምልክት በራና በዚያው ቀረ።

መጀመሪያ የሄድኩበት ጋራዥ ክላክሱን ራሱን ቀየረልኝ። ለውጥ የለም። ሁለተኛው ፊውዙንና ሪሌውን (ለክላክሱ ኤሌክትሪክ የሚያገናኘውን ማብሪያ) አየና ደህና ናቸው አለኝ፤ መብራቱን ሳነሳበት ደግሞ «እሱ ካስጨነቀሽ ትንሽ ሪዚስተር እናስገባለትና ይጠፋል» አለኝ። ያኔ ምን ማለቱ እንደሆነ አልገባኝም ነበር፤ እንዲሁ ልቤ አልወደደውምና ቁልፌን ተቀብዬ ወጣሁ። ዛሬ ሳስበው ያስደነግጠኛል። ሪዚስተር ኤሌክትሪክ የሚገታ ትንሽ ዕቃ ነው፤ በኤርባጉ ቦታ ሲገባ ኮምፒውተሩ ኤርባጉ አለ ብሎ እንዲያምን ተደርጎ መብራቱ ይጠፋል፤ በግጭት ጊዜ ግን ከመሪው የሚወጣ ኤርባግ የለም። በየቀኑ ልጆቼን ጭኜ የምነዳው እኔ ነኝ።

ጋሼን ያገኘኋቸው በሥራ ባልደረባዬ በኩል ነው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበል፤ ስማቸውን በአደባባይ ለመጻፍ አላስፈቀድኳቸውም። እንደደረስኩ መፍቻ አላነሱም። መቼ እንደጀመረው፣ ከዚያ በፊት መኪናው ላይ ምን እንደተሠራ፣ መሪው ሲዞር ችግሩ ይለዋወጥ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስለ ራኩ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁና «ልጄ፣ መሪውን ሳያስሩት ነው የፈቱት» አሉኝ።

ከዚያ ያስረዱኝን እነሆ። መሪው ይዞራል፣ ከሥሩ ያለው ምሰሶ መሸፈኛ ግን አይዞርም። ታዲያ የኤርባጉ፣ የክላክሱና የአዝራሮቹ ሽቦ ሳይበጠስ እንዴት ይሻገራል? በመሃል ክሎክ ስፕሪንግ የሚባል ክብ የፕላስቲክ ቤት አለ። ውስጡ እንደ ልብስ ሰፊ ሜትር የተጠቀለለ ቀጭን ጠፍጣፋ ገመድ ነው፤ መሪውን ባዞራችሁ ቁጥር ይጠበቃል ወይም ይላላል። ርዝመቱ የተለካ ነው። በእኔ መኪና ከጫፍ እስከ ጫፍ 5 ዙር አካባቢ ይሄዳል፣ ስለዚህ መሪው ቀጥ ሲል ገመዱ መሃል ላይ፣ በግራም በቀኝም 2 ዙር ተኩል ቀርቶት መሆን አለበት። ራኩ ሲፈታ መሪው በነጻ ይሽከረከራል፤ ካልታሰረና ሁለት ዙር አምልጦ ከተገጠመ መሃሉን ይስታል። ከዚያ በኋላ በአንዱ በኩል ጥግ በያዛችሁ ቁጥር ገመዱ ይወጠራል። የኔ ኮሽታ ይኸው ነበር።

በግምት ግን አልፈረዱም። መጀመሪያ በስካነር የኤርባጉን ኮምፒውተር አነበቡ፤ የሹፌሩ ኤርባግ መስመር ተቋርጧል ይላል። ክላክሱን ደግሞ ከክሎክ ስፕሪንጉ በታች ካለው ሶኬት የክላክሱን ሽቦ ለይተው ከቦዲው ብረት ጋር ሲያነካኩት ጆሮ የሚያደነቁር ጩኸት አሰማ። ክላክሱ ጤነኛ ነው፣ ሪሌውም ጤነኛ ነው፤ የተቋረጠው ከዚያ በላይ ነው። ይህን ለማወቅ ጥቂት ደቂቃ ነው የፈጀባቸው። ኤርባጉን ራሱን ግን በኤሌክትሪክ መለኪያው በቴስተር አልነኩትም፤ የቴስተር ትንሽ ኤሌክትሪክ እንኳ ሊያፈነዳው ስለሚችል በፍጹም አይለካም አሉኝ።

ዕቃውን ሲያስመጡም ጥንቃቄያቸውን አየሁ። ከተጋጨ መኪና የወጣ ርካሽ አለ ተብለው ነበር፤ ኤርባጉ ከፈነዳ መኪና የወጣ ከሆነ በሙቀቱ ተጎድቶ ሊሆን ይችላል ብለው እምቢ አሉ። ሶኬቱም ከአሮጌው ጋር አንድ መሆኑን ጎን ለጎን አስቀምጠው አዩ፤ መሪው ላይ ባሉት አዝራሮች ብዛት ይለያያልና።

ሥራውን ከጎናቸው ቆሜ ነው ያየሁት። የፊት ጎማዎቹን ቀጥ አድርገው የባትሪውን ኔጌቲቭ ፈቱ፣ ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። አንዳንድ አምራቾች 90 ሰከንድ ይበቃል ይላሉ፤ እሳቸው 10 ደቂቃ ጠበቁ። ኮምፒውተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኃይል እስኪያልቅ ነው። ኤርባጉን ነቅለው ቢጫ ሶኬቶቹን ሲያላቅቁ ፊታቸውን ከፊት ለፊቱ ዘወር አድርገው ነበር፤ ጠረጴዛ ላይ ሲያስቀምጡትም ሽፋኑን ወደ ላይ። ተገልብጦ ቢቀመጥና ቢፈነዳ እንደ ድንጋይ ይወረወራል አሉኝ። መሪውና ዘንጉ ላይ በቀለም ምልክት አደረጉ፣ የመሃሉን ዳዶ ፈቱ፤ ግን ሙሉ በሙሉ አላወጡትም። መሪው ድንገት ሲላቀቅ ፊታቸውን እንዳይመታቸው ጥቂት ጥርስ ላይ ተዉት።

አሮጌው ሲወጣ ከፍተው ገመዱን ዘረጉልኝ። መዳፌ ላይ አስቀመጡት። አንደኛው ጫፍ አጠገብ እንደ ቆርቆሮ ታጥፎ፣ ውስጡ ያሉት የመዳብ መስመሮች ተሰንጥቀው ነበር፤ ሁለቱ ብቻ በአንድ ክር ተያይዘዋል። ክላክሱ አንዴ የሚጮኸው ለካ በዚያች ክር ነው።

አዲሱ መሃል ላይ ተቆልፎ ነው የሚመጣው። እንዲያም ሆኖ አላመኑትም፤ መቆለፊያውን አንስተው ቀስ ብለው ወደ ግራ እስኪከብድ አዞሩት፣ ከዚያ ወደ ቀኝ 2 ዙር ተኩል እየቆጠሩ መልሰው ሁለቱን ምልክቶች አገጣጠሙ። ድምፅ አውጥተው ነበር የሚቆጥሩት። ዳዶውን ጥብቀቱን በሚለካ ቶርክ ቁልፍ አጠበቁ፣ ባትሪውን መለሱ፣ የመሪ አቅጣጫ ሴንሰሩን በስካነሩ ዜሮ አስያዙ፣ የተመዘገበውን ስህተት አጠፉ። ቁልፉን እኔ እንድከፍት አደረጉ፤ መብራቱ ለጥቂት ሰከንድ በራና ጠፋ። «በርቶ መጥፋቱን ሁልጊዜ እዪ» አሉኝ፤ ጭራሽ የማይበራ ከሆነ አምፖሉ ተቃጥሎ ወይም ሰው አውጥቶት ሊሆን ይችላል። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ እያዞርኩ ክላክሱን እንድጫን ነገሩኝ። በሁሉም ቦታ ጮኸ። እንባዬ መጣ ብላችሁ እመኑኝ።

ከዚያ ወዲህ ወራት አልፈዋል፤ ኮሽታም የለም፣ መብራትም የለም።

ራክ ወይም የመሪ ዘንግ ልታስፈቱ ስትሄዱ መሪውን እንዲያስሩት አስቀድማችሁ ንገሩ፤ የመቀመጫ ቀበቶውን በመሪው አሳልፎ መቆለፍ ብቻ ይበቃል። የኤርባግ መብራት በርቶባችሁ ጋሼን ማግኘት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ እሳቸውን ጠይቄ አገናኛችኋለሁ። ሥራቸው ዝግ ያለ ስለሆነ ጠዋት ሂዱ፣ ችኮላ ካለባችሁም ሌላ ቀን አድርጉት።

ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ።