ባለ 57 ጫማ ናሮውቦት፦ በግራንድ ዩኒየን ቦይ ላይ ከአንድ ዓመት በላይ ከኖርኩበት በኋላ

ይህን ግምገማ የምጽፈው በእንግሊዝ አገር ቦዮች ላይ ጀልባ ገዝቶ ለመኖር ለሚያስብ አንባቢ ነው። የለንደን የቤት ኪራይ እያደር ሲብስ «ጀልባ ገዝቶ መግባት ነው የሚያዋጣው» የሚለው ሐሳብ በወገኖቻችንም መካከል ደጋግሞ ይነሳል። እኔም ናሮውቦት የሚባለውን፣ ለቦይ የተሠራ ጠባብና ረጅም ጀልባ፣ ያገለገለ ገዝቼ አንድ ሙሉ የብርድ ወቅትና ከዚያ በኋላ የመጡትን ሞቃታማ ወራት በውስጡ ስላሳለፍኩ፣ የጀልባውን ጥሩ ጎንና ጉድለት በሚገባ ለይቼ ለመናገር የምችል ይመስለኛል።

ጀልባው ከብረት የተሠራ ነው፤ ርዝመቱ 57 ጫማ፣ ወርዱ 6 ጫማ ከ10 ኢንች፣ ማለትም 2.08 ሜትር ነው። ይህ ወርድ የመጣው ከሎኮቹ ነው። ሎክ የሚባለው የቦዩ ውሃ ከፍና ዝቅ በሚልበት ስፍራ ጀልባውን በበሮች መካከል ዘግቶ፣ ውሃ በመሙላት ወይም በማፍሰስ የሚያወጣና የሚያወርድ የግንብ ክፍል ሲሆን፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን በመካከለኛው እንግሊዝ የተሠሩት ጠባብ ሎኮች ስፋታቸው 7 ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ርዝመቱንም ቢሆን የመረጥኩት አስቤበት ነው፤ ናሮውቦት እስከ 72 ጫማ ሊረዝም ቢችልም፣ በሰሜን ያሉ አንዳንድ ሎኮች ከ57 ጫማ ብዙ የሚበልጥ ጀልባ ስለማያስገቡ፣ አገሩን በሙሉ መዞር ለሚፈልግ ሰው የሚመከረው ይህ ልክ ነው።

ፍርዴን አስቀድሜ ልናገር። ናሮውቦት አብዛኛውን ዕድሜውን የሚያሳልፈው ታስሮ ነው፤ ስለዚህ ጥሩነቱም ሆነ ጉድለቱ በደንብ የሚታወቀው ታስሮ በቆመበት ጊዜ ነው። ሻጮች ሲያሳዩ የሚያስቀድሙት ሞተሩን፣ ወጥ ቤቱንና የእንጨት ሥራውን ነው። ገዢው ግን ሙቀቱን፣ እርጥበቱን፣ ባትሪውን፣ የብረቱን ውፍረትና ከሁሉም በላይ የሚያስርበትን ስፍራ አስቀድሞ ሊመረምር ይገባል።

በጉዞ በኩል ቅሬታ የለኝም። ሞተሩ ቤታ ማሪን 38 ነው፤ በሰዓት ከአንድ እስከ አንድ ተኩል ሊትር ናፍታ ይበላል፣ ዘይትና ፊልትሮ በየ250 ሰዓቱ ወይም በዓመት አንድ ጊዜ ከተቀየረለት ሌላ ብዙ ነገር አይጠይቅም። የሚቀዘቅዘውም የቦዩን ውሃ ወደ ውስጥ በመሳብ ሳይሆን፣ የራሱ ውሃ በጀልባው ጎን ላይ በተበየደ ጠፍጣፋ ታንከር ውስጥ ሲያልፍ ነው፤ ስለዚህ ቅጠልና ጭቃ የሚደፍነው ቧንቧ የለውም። በቦዮቹ ላይ የተፈቀደው ከፍተኛ ፍጥነት በሰዓት 4 ማይል ሲሆን፣ ታስረው በቆሙ ጀልባዎች አጠገብ ሲታለፍ ደግሞ ከዚያም በእጅጉ መቀነስ ግዴታ ነው። ከለንደን እስከ በርሚንግሃም ያለው የግራንድ ዩኒየን መስመር 137 ማይል ርዝመትና 166 ሎኮች እንዳሉት ለሚያውቅ ሰው፣ ጉዞው ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ መገመት አያዳግተውም። እ.ኤ.አ. በ1805 የተከፈተውና 2.8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝመው የብሊስዎርዝ ዋሻ ውስጥ፣ ሁለት ናሮውቦቶች በጨለማ ሲተላለፉ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተት በጣም ጠባብ ነው፤ የጀልባው መሪ ለእጅ እንቅስቃሴ ምን ያህል ታዛዥ እንደሆነ ያረጋገጥኩትም እዚያ ነው።

በሎክ ውስጥ ወደ ታች ሲወረድ ግን አንድ አደጋ አለ። ከላይኛው በር በታች ወደ ውስጥ የወጣ የግንብ ደፍ ይገኛል፤ ውሃው ሲጎድል የጀልባው የኋላ ክፍል በዚያ ደፍ ላይ ተንጠልጥሎ ከቀረ፣ ፊቱ ወደ ታች ተደፍቶ ውሃ እየሞላ ሊሰጥም ይችላል። የደፉ ጫፍ የት እንደሚደርስ በሎኩ ግድግዳ ላይ በነጭ ቀለም ተሰምሯል። እስኪወርድ ድረስ ዓይንን ከዚያ መስመር ላይ ሳያነሱ ጀልባውን ወደፊት አስጠግቶ መያዝ፣ በሎኩ ዳር ቆሞ ውሃውን የሚለቀው ሰውም የጀልባውን ነጂ እያየ መሥራት አለበት።

የዕለት ተዕለት ጥገናው ቀላል ቢሆንም ቸል ሊባል አይገባውም። የፕሮፔለሩ ዘንግ ከጀልባው ወደ ውሃ የሚወጣበት ቦታ በግራሶ በተነከረ ገመድ የታሸገ ነው፤ በጉዞ ጊዜ ጥቂት ጠብ ጠብ ማለቱ የተለመደ ሲሆን፣ ሞተሩ ከጠፋ በኋላ ግን ሙሉ በሙሉ መቆም ይኖርበታል። ስለዚህ በየጉዞው ማብቂያ የግራሶ መስጫውን እጀታ እጅ ላይ ከበድ እስኪል ድረስ አዞራለሁ፤ ከዚያም በባትሪ መብራት ወደ ታች አይቼ ጠብታው መቆሙን አረጋግጣለሁ። ጠብታው ካልቆመ ብሎኖቹን በመጠኑ ማጥበቅ፣ ያም ካልበቃ ማሸጊያውን መቀየር ያስፈልጋል።

ለከተማ አካባቢ ደግሞ ከፕሮፔለሩ በላይ ያለው ክዳን ትልቅ ነገር ነው። በለንደን ምዕራብ ዳር ካለው ከአክስብሪጅ ወደ ከተማው መሀል በተጠጋሁ ቁጥር ፕላስቲክ ከረጢት፣ ገመድ፣ አንዳንዴም የልብስ ቁራጭ በዘንጉ ላይ ይጠመጠማል። ሞተሩ ይጠፋል፣ ቁልፉ ይነቀላል፣ ክዳኑ ይከፈታል፤ ከዚያ ክንድን እስከ ትከሻ ድረስ ወደ ቀዝቃዛው ውሃ ሰድዶ የተጠመጠመውን በቢላዋ እየቆረጡ ማውጣት ነው። ክዳኑ በሚገባ ሳይጠብቅ ሞተር ማስነሳት፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው ውሃ ወደ ሞተሩ ክፍል እንዲገባ መንገድ መክፈት ስለሆነ፣ ይህ ነገር በጥድፊያ የሚሠራ አይደለም።

ጀልባው በዚህ ዓመት ከውሃ ወጥቶ ሬንጅ ተቀብቷል። የታችኛው ላሜራ 10 ሚሊሜትር፣ ጎኖቹ 6፣ የቤቱ ግድግዳና ጣራ 4 ሚሊሜትር ሆነው ነው የተሠሩት፤ ይህ በዘርፉ የተለመደ ልክ ነው። በግፊት ውሃ ሲታጠብ፣ ከውሃው ወለል ጋር ትክክል በሆነው መስመር ላይ ብረቱ በጥቃቅኑ ተቦርቡሮ ታየ፤ አየርና ውሃ የሚፈራረቁበት ቦታ ስለሆነ ዝገት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው እዚያ ነው። በጎኖቹ ላይ የተበየዱት የማግኒዚየም አኖዶች ደግሞ ከግማሽ በላይ ተበልተው ነበር። ብረቱን ለማዳን ራሳቸው እንዲበሉ የተቀመጡ በመሆናቸው ይህ ሥራቸውን መሥራታቸውን ያሳያል፤ ወዲያውኑ ግን መተካት ነበረባቸው። ሬንጁ በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ መታደስ አለበት። ማሪና በሚባለው የጀልባ ማቆሚያ ውስጥ መብራት ስበው ለረጅም ጊዜ የሚቆሙ ሰዎች፣ በመሬት ሽቦው በኩል ከሌሎች ጀልባዎች ጋር የሚፈጠረው ደካማ ኤሌክትሪክ ብረታቸውን በፍጥነት እንደሚበላ ማወቅ ይገባቸዋል፤ ይህን የሚከላከል መሣሪያ ዋጋው ከአንድ ላሜራ ብየዳ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ትንሽ ነው።

ስለ ሙቀቱ ስናገር ምስጋናዬ ሙሉ ነው። ሞርሶ የተባለው የዴንማርክ ፋብሪካ የሚሠራው ስኩዊረል የተሰኘ ትንሽ የብረት ምድጃ፣ ማታ በከሰል ሞልቼ አየሩን ከቀነስኩለት እስከ ጠዋት ድረስ ቤቱን ያሞቃል። ከሰሉንም፣ ናፍታውንም፣ ጋዙንም በቦዩ ላይ እየዞሩ የሚሸጡ የነዳጅ ጀልባዎች ስላሉ ከባድ ጆንያ ተሸክሞ መሄድ አያስፈልግም። ሆኖም ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የእኛ አገር ሰው አሳምሮ ያውቃል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፤ ከእ.ኤ.አ. ኤፕሪል 2019 ጀምሮም ማደሪያ ያለው ጀልባ ሁሉ የሚሠራ የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ እንዲኖረው ግዴታ ሆኗል፤ በየአራት ዓመቱ የሚታደሰው የደኅንነት የምስክር ወረቀት ሲሰጥም ይህ ይመረመራል። ትኩስ አመድን በባልዲ ቤት ውስጥ ማሳደር፣ ወይም ብርዱ ገባ ብሎ የአየር መግቢያዎቹን በጨርቅ መወተፍ ሕይወትን የሚያስከፍል ነገር ነው።

የእርጥበቱ ነገር ከሙቀቱ ይከብዳል። ለረጅም ጊዜ የሚፈላ ምስር ወጥ የሚያወጣው እንፋሎት በዚህች ጠባብ ቤት ውስጥ መሄጃ የለውም፤ በአሉሚኒየም የመስኮት ክፈፎች ላይ ውሃ ሆኖ ይወርዳል፣ ከፍራሽ በታች ተከማችቶም ያሻግታል። በግድግዳው ውስጥ የተረጨው የአረፋ መከላከያ ጥሩ ስለሆነ ብረቱ ራሱ አላላበም። ቢሆንም ከፍራሹ ስር አየር የሚያስገባ ርብራብ ማድረግና በብርድም ቢሆን አንድ መስኮት በመጠኑ ከፍቶ ማብሰል የግድ ሆኖብኛል። ቡና የምቆላውም የፊት በሩን ከፍቼ ነው፤ አለበለዚያ የጭሱ ማስጠንቀቂያ ጎረቤቱን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

ከዕቃው ሁሉ ያልተደሰትኩት በባትሪዎቹ ነው። ሻጩ «አዲስ ናቸው» ብሎ ያስረከበኝ አራት ባለ 110 አምፔር ሰዓት የሊድ አሲድ ባትሪዎች፣ ቀኑ ማጠር ሲጀምር ማቀዝቀዣውን እንኳ እስከ ንጋት መያዝ አቃታቸው፤ የተመረቱበት ጊዜ ሲታይም የተነገረኝ እውነት አልነበረም። ባትሪዎቹ ጤነኛ ቢሆኑም እንኳ ከአቅማቸው ግማሽ በላይ ቢወጣባቸው ዕድሜያቸው ስለሚያጥር፣ 440 ተብሎ የተጻፈው በተግባር 220 ነው። አሁን በሊቲየም ባትሪ ተክቻቸዋለሁ፤ ከሊቲየሙ ጋር በሞተሩና በባትሪው መካከል የኃይል መጠኑን የሚገድብ ቻርጀር ማስገባት ግን አስፈላጊ ነው፣ ምክንያቱም ሊቲየም ያለማቋረጥ ስለሚስብ ዲናሞው ግሎ ሊቃጠል ይችላል። በጣራው ላይ ያለው ሶላር ከኤፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ሁሉን ይችላል። በዲሴምበር ግን ፀሐይዋ ዝቅ ብላ ስለምትሄድ የሚሰጠው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ያኔ ሞተር ማስነሳት የማይቀር ነው፣ ይህም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላና ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት በሌሎች ጀልባዎች አጠገብ አይደረግም። ብዙዎች የሚጠይቁኝ ስለ እንጀራ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ የሚስበው ኃይል የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት ኤሌክትሪክ የሚቀይረው የጀልባዬ ኢንቨርተር ከሚችለው በላይ ስለሆነ፣ የምጋግረው ማሪና ገብቼ መብራት በሳብኩ ጊዜ ብቻ ነው፤ በሌላው ጊዜ ከለንደን ሱቆች እገዛለሁ።

ውሃ በቦዩ ዳር ካሉት ቧንቧዎች በነጻ ይሞላል፤ የመጸዳጃው ታንክም እንዲሁ በተመደበለት ስፍራ ይደፋል። ሁለቱም በመጀመሪያ ያስቸግራሉ፣ በኋላ ይለመዳሉ።

ዋናው ጉዳይ የማሰሪያ ስፍራ ነው። ከእ.ኤ.አ. 2012 ጀምሮ በእንግሊዝና በዌልስ 2,000 ማይል ያህል የሚሆኑ ቦዮችንና ወንዞችን የሚያስተዳድረው ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት የተባለው የበጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ፈቃድ ለማግኘት ቋሚ ማሰሪያ ያለው መሆን፣ ወይም እ.ኤ.አ. በ1995 በወጣው ሕግ መሠረት በአንድ ስፍራ ከ14 ቀን በላይ ሳይቆሙ ያለማቋረጥ መጓዝ ያስፈልጋል። እኔ የያዝኩት ሁለተኛውን ነው። በሁለት ድልድዮች መካከል ወዲያና ወዲህ መመላለስ እንደ ጉዞ አይቆጠርም፤ ድርጅቱ በዓመቱ ውስጥ ከ20 ማይል በታች የተንቀሳቀሰ ጀልባ ሕጉን አሟልቷል ብሎ ለመቀበል ይቸገራል። ከኤፕሪል 2024 ጀምሮ ደግሞ ቋሚ ማሰሪያ የሌላቸው ጀልባዎች በፈቃዱ ላይ በየዓመቱ የሚያድግ ተጨማሪ ክፍያ ይከፍላሉ። ሥራው ለንደን ውስጥ የሆነና ልጆቹን በአንድ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ሰው በየሁለት ሳምንቱ መነሣት ምን ማለት እንደሆነ ሳያሰላ መግዛት የለበትም። ቋሚ ማሰሪያ ልከራይ ቢል ደግሞ፣ አብዛኞቹ ስፍራዎች ጀልባ ለማቆም እንጂ ለመኖሪያ የተፈቀዱ አይደሉም፤ ለመኖሪያ የተፈቀዱት ጥቂትና ውድ ናቸው። ከባንክና ከመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚመጣ ደብዳቤ የሚቀበልበት የዘመድ ወይም የወዳጅ አድራሻም ከወዲሁ ማዘጋጀት ይኖርበታል።

አስተሳሰሩም የራሱ ጥንቃቄ አለው። በለስላሳ አፈር ላይ የተመታ ካስማ ሌላ ጀልባ በፍጥነት ሲያልፍ ተነቅሎ ይወጣል፤ ስለዚህ የቦዩ ጠርዝ የብረት ከለላ ያለው ከሆነ በእሱ ላይ የሚንጠለጠል መንጠቆ የበለጠ ያስተማምናል። ገመዶቹ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ዘንበል ብለው ቢታሰሩ ጀልባው አይንቀዋለልም፤ ከመጠን በላይ መወጠር ግን አይገባም። ሌሊት ከሎክ ውሃ ፈስሶ የቦዩ ከፍታ ሲወርድ፣ በአጭር ገመድ የተያዘ ጀልባ ወደ ጎን ያዘነብላል።

ከኖቬምበር እስከ ማርች ድረስ ሎኮች ለጥገና በየተራ ስለሚዘጉ፣ በብርዱ ወቅት የት እንደምቆም የምወስነው የመዝጊያው መርሐ ግብር ሲወጣ ነው። በደረቅ በጋም ቢሆን ሎኮች በሰዓት ይገደባሉ፤ አንድ ሰፊ የግራንድ ዩኒየን ሎክ አንድ ጊዜ ሲሠራ 200,000 ሊትር ያህል ውሃ ወደ ታች ይወርዳልና፣ ቦዩ ከፍ ብሎ በሚያልፍበት በትሪንግ ያሉት የውሃ ማጠራቀሚያዎች ሲጎድሉ ሁለት ጀልባ ሆኖ አብሮ መግባት ይጠበቃል። በዚህ ዓመት ድርጅቱ ለብርዱ ወራት በሚያከራያቸው ጊዜያዊ ማሰሪያዎች በአንዱ ለመቆየት ወስኛለሁ፤ ስፍራውን የመረጥኩትም የነዳጅ ጀልባው የሚያልፍበትን፣ የውሃ ቧንቧው በእግር የሚደረስበትንና ወደ ለንደን የሚወስደው ባቡር የሚቀርበውን አይቼ ነው። ከዚያ በፊት ሁለቱን የኋላ መስኮቶች አውጥቼ እንደገና በማሸጊያ እገጥማለሁ፣ የጭስ ማውጫውን አስጠርጋለሁ፣ የናፍታ ታንከሩንም እስከ አፉ እሞላለሁ፤ ታንከር ጎድሎ ከቆመ በውስጡ እርጥበት ይቋጥርና ናፍታውን ያበላሻል።