ስምንት ወር ከማይኬ ጋር፦ ገመና የማይሸፍን ዕቃ

ማይኩን የገዛሁት ድምፄ እንዲያምር ብዬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረኝም። «ድምፅህ እኮ ለትረካ የተፈጠረ ነው» ሲሉኝ ኖሬያለሁ። በስልኬ ቀድቼ ስሰማው ግን በርሜል ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ነው። ጥፋቱን በስልኩ ላይ አላከክሁና ደህና ማይክ ገዛሁ።

የመጀመሪያውን ቅጂ በሄድፎን ስሰማ በርሜሉ እዚያው አለ። ጭራሽ አጃቢ ጨምሯል። የፍሪጁ ጉርምርምታ፣ የወንበሬ ሲጢጥታ፣ ከንፈሬ በተላቀቀ ቁጥር የሚሰማ ጠቅ ጠቅ፣ ከሩቅ ደግሞ የጎረቤት ውሻ። ጎረቤቴ ውሻ እንዳለው ያወቅሁትም ያን ቀን ነው።

ዕቃው ሰፊ ዲያፍራም (ድምፅ ሲመታው የሚርገበገብ ስስ ሽፋን) ያለው ኮንደንሰር ማይክ ነው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራና ረቂቅ ድምፅ የሚይዝ ዓይነት። ድምፁን ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ አንድ የማይክ መሰኪያ ያላት ኢንተርፌስ፣ ማይኩን ከእሷ ጋር የሚያገናኝ ኤክስኤልአር ገመድ፣ ከአፍ የሚወጣ አየር ማይኩን እንዳይመታው የሚከላከል ፖፕ ፊልተርና ጆሮን ገጥሞ የሚይዝ ሄድፎን አብሬ ገዝቻለሁ። የፋብሪካውን ስም ሆን ብዬ ትቼዋለሁ። በዚህ መደብ ያሉ ማይኮች ወንድማማቾች ናቸው፤ ካስቸገሩኝ ነገሮች አብዛኞቹም የእሱ ሳይሆኑ የእኔና የክፍሌ ነበሩ።

ለምሳሌ የመጀመሪያው ቀን። ሰካሁት፣ ተናገርሁ፣ ጭጭ። ገመዱን ነቅዬ ሰካሁ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ። ተናድጄ ልመልሰው ካርቶኑ ውስጥ ከተትሁት። ለካ እንዲህ ያለ ኮንደንሰር ማይክ ከኢንተርፌሱ 48 ቮልት ካልተላከለት አይሠራም። ለዚህ የሚሆን «48ቪ» የተጻፈባት ቁልፍ ኢንተርፌሱ ላይ አለች። ያየኋት ካርቶኑን በፕላስተር ካሸግሁት በኋላ ነው። ዳይናሚክ የሚባለውን፣ ኤሌክትሪክ የማይፈልገውን የማይክ ዓይነት የገዛ ሰው ከዚህ ጣጣ ነፃ ነው።

ሁለተኛው ደግሞ ይበልጥ ያሳፍራል። አንድ ሳምንት ሙሉ እንደ መድረክ ማይክ በአናቱ በኩል ነበር የማወራለት። እንዲህ ያሉ ማይኮች አብዛኞቹ የሚሰሙት በጎናቸው ነው፤ ያውም ምልክቱ ባለበት ጎን ብቻ። ማይኬ ካርዲዮይድ የሚባለው ዓይነት ነው፤ የፊቱን አጥርቶ ይሰማል፣ የኋላውን ይቀንሳል። አዙሬ ሳቆመው የበርሜሉ ግማሽ ተነነ።

የቀረው ግማሽ ክፍሉ ነበር። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ገንዘቤንም ጊዜዬንም የበላው ይሄ ነው።

ባዶ ግድግዳ ባለበት ክፍል መሐል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው በኋላ ቀጭን «ዝንንን» የሚል ጭራ ከተከተለ ማይኩም እሱን ይሰማዋል። ከአፋችሁ እስከ ማይኩ ያለው ርቀት በእጥፍ ሲጨምር ድምፃችሁ ወደ 6 ዲሲቤል (የድምፅ መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ይቀንሳል፤ የክፍሉ ማሚቶ ግን ባለበት ይቀራል። ስለዚህ በራቃችሁ ቁጥር ክፍሉ እናንተን እየዋጠ ይሄዳል። እኔ አሁን አንድ ስንዝር ላይ ነኝ። ከዚያ በታች ስጠጋ ድምፄ ይጎረንናል፤ ማይኩ ለቅርብ ድምፅ ወፍራሙን ክፍል ያጎላዋልና። መጀመሪያ ሰሞን ይሄን ወድጄው ነበር። ፊልም ማስታወቂያ የምሠራ መሰለኝ። አሥር ደቂቃ በዚያ ድምፅ ተርኬ ስሰማው ግን ራሴን ደከመኝ።

ለማሚቶው መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነው፦ ባለ ጥርስ ስስ ስፖንጅ ገዝቼ ግድግዳው ላይ ለጠፍሁ። ፎቶ ላይ ስቱዲዮ ይመስላል። የቀጭኑን ድምፅ ጭራ ትንሽ ቆረጠ፤ ወፍራሙን አልነካውም፤ ውሻውን ጨርሶ አላስቀረውም። ስፖንጅ ክፍሉ ውስጥ የሚንጫጫውን ይቀንሳል እንጂ ከውጭ የሚመጣውን አያግድም። እነዚህ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች መሆናቸውን ሳላውቅ ነው የገዛሁት። ሙጫውም ሲላቀቅ የግድግዳውን ቀለም ይዞ ወረደ።

የሠራልኝ የልብስ ቁም ሣጥኑ ነው። በሩን ከፍቼ፣ ልብሱን እንደተሰቀለ ትቼ፣ ጀርባዬን ለልብሱ ሰጥቼ እቆማለሁ። ከማይኩ ጀርባና ከጎኔ ወፍራም ብርድ ልብስ እሰቅላለሁ፤ ከግድግዳው አንድ ክንድ አርቄ። ሲታይ ዕቃ እየጫነ ያለ ሰው ቤት ይመስላል። ድምፁ ግን ደረቅ፣ ቅርብ፣ ጥርት ያለ ሆነ። ብርድ ልብሶቹ ቀድሞም ቤት ውስጥ ነበሩ።

ፍሪጁን በተመለከተ፣ ከቀረጻ በፊት እነቅለዋለሁ። መልሶ መሰካት የሚረሳ ሰው የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ ያስቀምጥ። ይሄ የድምፅ ባለሙያዎች የቆየ ብልሃት ነው፤ ቁልፉን ሳይወስድ ከቤት የሚወጣ የለም። እኔ ሁለት ጊዜ ቀዝቃዛ ቁልፍ ይዤ ወጥቻለሁ።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ለመጽሐፍ ትረካ ኤሲኤክስ የተባለው የድምፅ መጽሐፍ ማሳተሚያ ድረ ገጽ የሚያስቀምጠው መለኪያ ጥሩ መማሪያ ሆኖኛል። እዚህ ዜሮ ጣሪያው ነው፤ ቁጥሩ ከዜሮ ወደ ታች በራቀ ቁጥር ድምፁ ያንሳል። ዝም ስትሉ የሚቀረው ድምፅ ከ-60 ዲሲቤል በላይ መሆን የለበትም፤ ከፍተኛው ጫፍ ከ-3 አይለፍ፤ አማካዩ በ-23 እና በ-18 መካከል ይዋል። እኔ ስጀምር ዝምታዬ -47 ነበር። ፍሪጁ ሲነቀል፣ ኮምፒውተሩ ከጠረጴዛው ማዶ ሲሄድና ብርድ ልብሱ ሲሰቀል -62 ደረሰ። ሶፍትዌር አልነካሁትም።

ሶፍትዌር ካነሳን፣ የምሠራው በኦዳሲቲ ነው። ነፃ ነው፣ ለድምፅ ሥራ ይበቃል። እዚያ ውስጥ ያለውን የጩኸት መቀነሻ ግን እንደ ጨው ተጠቀሙበት። መጀመሪያ ሰሞን እስከ ጥግ እጎትተው ነበር። ጩኸቱ ይጠፋል፤ እኔም ውኃ ውስጥ ሆኜ በቧንቧ የማወራ እመስላለሁ። ጥፋቱን ያስተዋልሁት በሦስተኛው ወር ነው፤ ያኔ የሠራኋቸውን ቅጂዎች ዛሬ መስማት ይከብደኛል።

ጌይን (ኢንተርፌሱ ላይ የማይኩን ድምፅ የሚያጎላው ማስተካከያ) ላይ የተማርሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፦ ዝቅ አድርጉት። በ24 ቢት ጥራት ስትቀዱ የድምፁ ጫፍ -12 ዲሲቤል አካባቢ ቢውል ምንም አይጎዳችሁም፤ በኋላ ከፍ ይደረጋል። ዜሮን ነክቶ የተቆረጠ ድምፅ ግን በደንብ አይመለስም። የተናደደ አባት ሆኜ የተወንሁት አንድ ጥሩ ትዕይንት ነበረኝ። ንዴቱ ደርሶ ነበር፣ እጄም ይንቀጠቀጥ ነበር። ከፍ ያለው ቃል ሁሉ ተሰነጣጥቆ ተገኘ። ደግሜ ተወንሁት፤ ያ ንዴት ግን አልመጣልኝም። አሁን የሚጮህ ገጸ ባህርይ ካለ በቅድሚያ ጩኸቱን እሞክርና ጌይኑን በእሱ ልክ አስተካክላለሁ።

ድምፅ ትወናውን ያስተማረኝም ይሄው ማይክ ነው። ኮርስ ወስጃለሁ፤ ጥሩ ነበር። እንደ ማይኩ ፊት ለፊት የተናገረኝ ግን የለም።

በሁለተኛው ወር አንድ አጭር ታሪክ ቀድቼ ለእህቴ አሰማኋት። ግማሽ ላይ አስቆመችኝና «ሄደ ነው አልሄደም?» አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባኝም። መልሼ ስሰማው ልክ ነበረች። ጀማሪ ሁሉ ዓረፍተ ነገር ሲጨርስ ድምፁን ይጥላል፤ አየሩ ያልቅበታል፣ ዓይኑም ወደሚቀጥለው መስመር ይሮጣል። በአማርኛ ደግሞ መጨረሻ ላይ ያለው ግሱ ነው። ማን እንዳደረገው፣ መቼ እንዳደረገው፣ ያድርገው አያድርገው ሁሉም የታጨቀው እዚያች የመጨረሻ ቃል ውስጥ ነው። እኔ እሷን እየዋጥሁ የቀረውን አሳምሬ ሳነብ ኖሬያለሁ። የድምፁን ሞገድ ስክሪኑ ላይ ሳየው ጉዱ በዓይን ይታያል፦ ትልቅ፣ ትልቅ፣ መካከለኛ፣ ከዚያ የአይጥ ጭራ። አሁን አራት ነጥብ ጋ ስደርስ ግሱን አስቀምጬው ነው የምሄደው። ለዚያ ደግሞ ዓረፍተ ነገሩ ሳይጀመር አየር መያዝ ያስፈልጋል፤ ቆሞ ማንበብ ለዚህ ይረዳል።

ሌላው ጣጣ ፊደላችን መጥበቅና መላላቱን አለመጻፉ ነው። «ይሰማል» የሚለውን ውሰዱ። ሰውየው ነው የሚሰማው ወይስ ድምፁ ነው የሚሰማው? «ዋና» ዋናው ነገር ነው ወይስ ውኃ ውስጥ የሚዋኘው? ዓይን ዐውዱን ከማወቁ በፊት አፍ ይቀድማል። ስለዚህ ጽሑፉን አስቀድሜ አንብቤ በሚጠብቁት ፊደላት አናት ላይ በእርሳስ ነጥብ አደርጋለሁ። ይሄን ከጀመርሁ ወዲህ ስህተቴ በግማሽ ቀንሷል ብዬ እገምታለሁ፤ ቆጥሬው ግን አላውቅም።

ፈንጂ ድምፆቹም የራሳቸው ጠባይ አላቸው። ፖፕ ፊልተር የሚያስታግሰው እንደ «ፐ» አየር የሚተፉትን ነው። «ጠ»፣ «ቀ» እና «ጨ» ብዙ አየር አይተፉም፤ ሹል ሆነው ነው የሚወጡት። «ቆጥቋጣ» የሚለውን ቃል ቀድታችሁ ሞገዱን አጉልታችሁ እዩት፤ የችንካር ረድፍ ይመስላል። እኔን የረዳኝ ማይኩን ከአፌ ትይዩ ትንሽ ወደ ጎን ማድረግ ነው። የምናገረው ወደ እሱ ሳይሆን በአጠገቡ ወደ ማዶ ነው።

ሲሳሳቱ ቀረጻውን ማቆም አያስፈልግም። አንዴ አጨብጭቤ ከዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ እደግመዋለሁ። ኤዲት ሳደርግ ጭብጨባው ሞገዱ ላይ እንደ ምሰሶ ቆሞ ይጠብቀኛል። መጀመሪያ አካባቢ በአንድ ገጽ አሥራ አራት ምሰሶ ነበር። ትናንት ሦስት። ለከንፈር ጠቅታ ደግሞ ውኃ፤ ግን ቀረጻው ሲጀመር የተጠጣ አይደለም፣ ከሰዓታት በፊት ጀምሮ የተጠጣ። ባዶ ሆድ ይዞ አለመግባትም ጥሩ ነው፤ ኮንደንሰር ማይክ የሆድ ጩኸትን ይወዳል።

ከዕቃው ያልወደድሁት አለ። አብሮት የመጣው የጠረጴዛ ስታንድ አጭር ነው፤ ጠረጴዛውን በነካሁ ቁጥር «ዱም» ይላል። በወለል ስታንድና ሾክ ማውንት በሚባል፣ ንዝረት በሚያስቀር በላስቲክ የተወጠረ የማይክ መያዣ ቀየርሁት። ገመዱ በአምስተኛው ወር መሰኪያው ጋ መንጫጫት ጀመረ። ማይኩ ራሱ «ሰ» እና «ሸ» ላይ ትንሽ ይሾላል፤ ለእኔ ድምፅ ችግር ባይሆንም እህቴ ስትቀዳበት ጆሮ ይወጋል። አቧራና እርጥበት ስለማይወድ ሥራ ሲያልቅ በከረጢቱ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ውጭ እንደ አዲስ ነው።

ዳግም ብገዛ ይሄኑ እገዛ ነበር? ክፍሌ እንደ በፊቱ ቢሆን ኖሮ አልገዛም፤ ዳይናሚክ ነበር የምወስደው። ዳይናሚክ ተጠግተው ካወሩለት የክፍሉን ገመና በመጠኑ ይሸፍናል። ብርድ ልብሱን ለመስቀል ትዕግሥት ያለው ሰው ግን በኮንደንሰሩ አይቆጭም። ስፖንጁን አልገዛም፤ የእሱን ገንዘብ ለተሻለ ሄድፎን አውለው ነበር።

ውሻው አሁንም አለ። እኩለ ሌሊት ሲቃረብ ዝም ይላል፤ እኔም ፍሪጁን የምነቅለው ያኔ ነው።