ሁሉም አረንጓዴ፦ ከእጅ የደም ጋዝ መመርመሪያ ጋር ስድስት ወር

የጽኑ ሕሙማን ክፍል የሌሊት ነርስ ነኝ። በእጅ በሚያዝ የደም ጋዝ መመርመሪያ፣ ማለትም በደም ውስጥ ያለውን ኦክስጅን፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድና አሲድነት በሚለካ ዕቃ፣ መሥራት ከጀመርኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ዕቃው ወፈር ያለ ስልክ ይመስላል። አንዴ ተሠርቶበት የሚጣል ካርድ ይሰካበታል፤ ደም ይገባል፤ ቁጥር ይወጣል። ከዚያ በፊት ሲሪንጁን ይዤ ደረጃ ለደረጃ ወደ ላብራቶሪ የምሮጠው እኔው ነበርኩ።

በፍጥነቱ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። ካርዱ ራሱን እስኪያስተካክል ሦስት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ደሙ ከገባ በኋላ ግን አንድ ደቂቃ እንኳ አይሞላም። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ደም ሲሪንጅ ውስጥ ገባ ማለት ሴሎቹ ሥራ አቆሙ ማለት አይደለም። ኦክስጅን መብላታቸውን፣ ስኳር ሲያቃጥሉ የሚቀረውን ላክቴት ማውጣታቸውን ይቀጥላሉ። በ30 ደቂቃ ውስጥ ይመርመር የሚባለውም ለዚህ ነው። እኔ ሊፍት ስጠብቅ ስንቱ ናሙና አርጅቶብኛል!

ያማረረኝ ካርዱ ነው። ሳይዘጋጅ ደም ከጨመራችሁ ተቃጠለ። ዘግይታችሁ ከጨመራችሁም ተቃጠለ። አንድ ሌሊት ለአንድ ሕመምተኛ ሦስት ካርድ አቃጥያለሁ። እጄ ላይ የያዝኩት የሰው ደም ነው፤ ድገሚ ብባል በሽተኛውን ዳግመኛ ልወጋው ነው።

የአየር አረፋንም አያውቅም። አየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከቁጥር የሚገባ ስላልሆነ፣ አረፋው ከደሙ ይስባል። ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ይወርዳል፣ የደሙን አሲድነት የሚያሳየው ፒኤች ከፍ ይላል፤ ፒኤች ከፍ አለ ማለት አሲዱ አነሰ ማለት ነው። ማሽኑ ያንኑ እውነት ነው ብሎ ያትማል። ስለዚህ ሲሪንጁን ወደ ላይ አቁሙ፣ አረፋውን ወዲያው አስወጡ፣ ደሙን እንዳይረጋ ከሚያደርገው ሄፓሪን ጋር በደንብ አዋህዱት።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዕቃው ከቁጥሮቹ በላይ በትልቁ አንድ መስመር ይጽፋል፦ ‹‹ሜታቦሊክ አሲዶሲስ›› (ከአተነፋፈስ ውጪ በሆነ ምክንያት የመጣ የደም አሲድ መብዛት)፣ ‹‹መደበኛ›› እና የመሳሰለውን። አዲስ ሰው ዓይኑ የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው።

አንድ ሌሊት ሁለት ቀን ሙሉ ሲያስመልሰው የቆየ የስኳር ሕመምተኛ መጣ። ፒኤች 7.38። ካርቦን ዳይኦክሳይድ 38። አሲድን የሚያከሽፈው ባይካርቦኔት 22። ሁሉም አረንጓዴ፣ ከላይ ‹‹መደበኛ››። ወጣቱ ሐኪም ደስ አለው።

‹‹ሲስተር፣ ስኳሩ ከፍ ቢልም አሲድ የለውም። ወደ ዋርድ እናውርደው?››

‹‹ዶክተር፣ እስቲ ሁለተኛውን ገጽ ይዩት›› አልኩት።

ሶዲየም 138፣ ክሎራይድ 88። ከ138 ላይ 88ን፣ ከዚያም 22ን ስትቀንሱ 28 ይቀራል። አኒየን ጋፕ የሚባለው ይሄ ነው፤ ብዙ ጊዜ ከ12 አይበልጥም፤ ሲበልጥ ማሽኑ ያልለካው አሲድ ተደብቋል ማለት ነው። ሰውየው ውስጥ ሁለት ነገር በአንድ ላይ እየተካሄደ ነበር። ከስኳር ሕመሙ የመጣው ኬቶን (ሰውነት ስብ ሲያቃጥል የሚወጣ አሲድ) ባይካርቦኔቱን ወደ ታች ይጎትታል። ትውከቱ የጨጓራውን አሲድ አውጥቶ ስለጨረሰ ወደ ላይ ይገፋዋል። ሁለቱ ተጣፍተው መሐል ላይ ሲገናኙ ሰውየው ጤነኛ መሰለ። ኬቶኑ ሲለካ ጣሪያ ነክቶ ነበር። ሐኪሙ ሌላ ቃል አልተነፈሰም፤ ኢንሱሊንና ፈሳሽ አዘዘ።

አንድ ቁጥር ሰውን ማሳሳቱ ዛሬ አልተጀመረም። በፈረንጆቹ 1952 ኮፐንሃገን ውስጥ ፖሊዮ ሲስፋፋ የበሽተኞቹ ደም ውስጥ ያለው ጠቅላላ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ አብዛኛው ባይካርቦኔት የሆነው፣ ከፍ ብሎ ታየ። ሐኪሞቹ አልካሎሲስ፣ የደም አሲድ ማነስ፣ ነው አሉ። የማደንዘዣ ሐኪሙ ቢየርን ኢብሰን ግን ‹‹መተንፈስ አቅቷቸው ነው›› ብሎ ተከራከረ። ፒኤቹ ሲለካ ደሙ አሲድ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ በኋላ ተማሪዎች በፈረቃ እየተቀያየሩ በእጅ አየር ሲገፉላቸው ብዙዎች ተረፉ።

የእኔ ዋና ቅሬታ እንግዲህ አንድ ነው። አኒየን ጋፑን ዕቃው ራሱ ያሰላዋል፤ ግን ሜኑ ውስጥ ገብታችሁ ካልፈለጋችሁት አያሳያችሁም። ለምን ይደበቃል? ባይካርቦኔቱም ቢሆን ከፒኤቹና ከካርቦን ዳይኦክሳይዱ በቀመር የተሰላ ነው፤ እሱ ግን ፊት ለፊት ተቀምጧል።

ባትሪው ደህና ነው፣ አንድ ፈረቃ ይጨርሳል። ስክሪኑ በጓንት ይነካል። ድምፁ ግን መቀነስ አለበት፤ ለሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሲጮህ የተኛውን ሁሉ ይቀሰቅሳል።

ላብራቶሪያችሁ ሩቅ ከሆነ ሳታመነቱ ያዙት። ጎናችሁ ካለ ግን ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው ትልቁ ማሽን ይሻላል፤ ካርድ አያቃጥልም። እኔ በእጅ የሚያዘው ዕቃ ጀርባ ላይ ፕላስተር ለጥፌ ሁለት መስመር ጽፌበታለሁ፦ ‹‹ሶዲየም ሲቀነስ ክሎራይድ ሲቀነስ ባይካርቦኔት›› እና ‹‹ሜታቦሊክ አሲዶሲስ ከሆነ የሚጠበቀው ካርቦን ዳይኦክሳይድ፦ ባይካርቦኔት በ1.5፣ ሲደመር 8፣ 2 ከፍ ወይም ዝቅ››። ባለፈው ሳምንት ፕላስተሩ ረጥቦ ተላጠ። ስመለስ ያ ወጣት ሐኪም በራሱ እጅ አዲስ ጽፎ ለጥፎት አገኘሁ።