ፕሪ ዌዲንግ ፎቶ በጠዋት ፀሐይ፦ ያነሱን ልጆች ሥራ እንዴት ነበር?

ሰርጋችን ከጥምቀት በኋላ ነው። የፕሪ ዌዲንግ ፎቶውን ግን ኅዳር ላይ ተነስተን ጨርሰናል። ፎቶዎቹ እጃችን ከገቡ ወዲህ ያየ ሰው ሁሉ "ማን አነሳችሁ? ስንት አስከፈሏችሁ? መብራቱ ምንድን ነው?" ይለኛል። መብራት የለም። አንድም ፍላሽ አልበራም፣ ሁሉም በፀሐይ ብርሃን ነው የተነሳው። ለእያንዳንዱ ሰው ከምደግመው አንዴ እዚህ ልጻፈው ብዬ ነው። የፎቶ ቤቱን ስም አልጠራም። በጣም የማመሰግናቸው ነገር አለ፣ ቅር ያለኝም ነገር አለ፣ ስለዚህ ስለ ሥራው ብቻ ላውራ።

ሁለት ወጣቶች ናቸው። ወንዱ ያነሳል፣ ሴቷ ታግዘዋለች፣ ኤዲቱንም የምትሠራው እሷ ናት። የተስማማነው ለ2 ቦታ፣ ኤዲት ለተደረገ 60 ፎቶና ለ1 አልበም 38 ሺህ ብር ነው። ግማሹን ቀብድ ከፈልን። ከጠየቅኳቸው ቤቶች ርካሾቹ እነሱ አልነበሩም።

የመረጥኳቸው በአንድ ምክንያት ነው። ሌሎቹ ጋ ስደውል መጀመሪያ የሚጠይቁኝ "የትኛውን ፓኬጅ ነው የምትፈልጊው?" ብለው ነው። ይሄ ልጅ ግን "በስንት ሰዓት መነሳት ትችላላችሁ?" አለኝ። ከምሳ በኋላ፣ 8 ሰዓት አካባቢ እንደሚመቸን ነገርኩት። "እህቴ፣ በ8 ሰዓት ውጪ አላነሳም" አለኝ፣ ቁርጥ አድርጎ። መጀመሪያ ቅር አለኝ። ትንሽ ቆይቶ የእህቴ ፎቶዎች ትዝ አሉኝ።

ታላቅ እህቴ ያገባችው ሚያዝያ ላይ ነው። ያነሷት ሌሎች ሰዎች ነበሩ፣ አንድ ግቢ ውስጥ፣ በጠራራ ፀሐይ። በሚያዝያ መጀመሪያ አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ቀትር ላይ አናት ላይ ነው የምትቆመው። የሰው ጥላ እግሩ ሥር ይገባል። ፊት ላይ ደግሞ ቅንድብ ዓይንን ያጨልመዋል፣ አፍንጫም ከንፈር ላይ ጥላ ይጥላል። እህቴ ትልልቅ የሚያምሩ ዓይኖች አሏት። በፎቶዎቹ ላይ ግን ዓይኗ ያለበት ቦታ ጥቁር ጥላ ብቻ ነው። ባለቤቷም ፀሐዩ ስለወጋው በሁሉም ላይ ፊቱን አጨፍግጓል። ያን ያህል ገንዘብ ከፍለው ሳሎናቸው ውስጥ አንድም የውጪ ፎቶ አልሰቀሉም። ይሄ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ያ ቀን ተመልሶ አይመጣም።

ቀኑንም ቢሆን ያስለወጠን ፎቶ አንሺው ነው። እኛ ከሥራ ፈቃድ ወስደን ኅዳር 13 አስበን ነበር። "ኅዳር 12 ከተማው ሲታጠን ነው የሚያመሸው፣ በማግስቱ ጠዋት ጭሱ ከታች ተኝቶ ሊያድር ይችላል፣ ከእንጦጦ ላይ ሆናችሁ ከኋላችሁ የሚታየው ጉም የመሰለ ነገር ብቻ ነው የሚሆነው" አለን። ኅዳር ሲታጠን ከ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ጋር ተያይዞ የመጣ ልማድ መሆኑን ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማ ነው ያደግኩት። ከፎቶ ጋር ግን አገናኝቼው አላውቅም። ይሄን የሚያስብ ሰው ሥራውን ያውቃል ብዬ ያመንኩት ያኔ ነው። ቀኑን ወደ ኅዳር 7 አመጣነው።

ከሌሊቱ 10 ሰዓት ሜካፕ ጀመርኩ። ሜካፕ የምትሠራልኝን ልጅ ቀድሞ በስልክ አናግሯት ነበር፤ ፋውንዴሽኑ ከአንገቴ ቀለም ጋር አንድ እንዲሆን፣ የሚያብለጨልጭ ነገርም እንዳታበዛ ነግሯታል። በፀሐይ ብርሃን ፊት ከአንገት ከተለየ ወዲያው ነው የሚያስታውቀው። 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንጦጦ ደረስን። እዚያ ከባሕር ጠለል በላይ ከ3 ሺህ ሜትር ያልፋል፣ የኅዳር ጠዋት ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ወፍራም ጋቢ ሳትይዙ እንዳትሄዱ። እኛ የተነሳነው በ2013 ዓ.ም. የተከፈተው ፓርክ ውስጥ ሳይሆን ወደ እንጦጦ ማርያም በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው የባሕር ዛፍ ጫካ ጋ ነው። ፓርኩ ውስጥ መነሳት ካሰባችሁ የሚከፈትበትን ሰዓትና ለካሜራ የሚከፈል ነገር መኖር አለመኖሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። በር ላይ ቆሞ መከራከር ብርሃኑን ይበላባችኋል።

ብርሃኑ ደግሞ አይጠብቅም። በኅዳር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከ12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ በኋላ ነው የምትወጣው። ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ቀጥ ብላ ነው ወደ ላይ የምትሄደው። አውሮፓ ያሉ ዘመዶቻችን በበጋ ምሽት የሚያገኙት ያ ረጅም ወርቃማ ብርሃን እኛ ጋ የለም። አንድ ሰዓት ገደማ ነው ያለን፣ ከዚያ ይጠነክራል። ስለዚህ የት እንደምንቆም፣ ወደየት እንደምንዞር ቀድሞ መጥቶ አይቶ ጨርሷል። እኛ ስንደርስ ቦታ ፍለጋ የሚባል ነገር አልነበረም።

እኔ ዛፎቹ መሐል ገብታችሁ ቁሙ የሚለን መስሎኝ ነበር። አላደረገውም። ቅጠል ውስጥ አልፎ የሚመጣ ፀሐይ ፊት ላይ ነጠብጣብ ይጥላል፣ አንዱ ጉንጭ ይበራል አንዱ ይጨልማል። ጫካውን ከኋላችን አድርጎ ጠርዙ ላይ አቆመን፣ ፀሐይዋም ከጀርባችን በኩል ሆነች። ያኔ ነው ፀጉሬና የነጠላዬ ጫፍ ዙሪያውን የበራው። ፊታችን ግን ጥላ ውስጥ ነው። ለዚህ ሪፍሌክተር፣ ማለትም ብርሃን መልሶ ፊት ላይ የሚጥል ሰሌዳ፣ ይዘው መጥተው ነበር፣ ነፋሱ አላስይዝ አላቸው። ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የእጮኛዬን ሚዜ ጠርቶ ነጩን ጋቢውን ከፊታችን ዘርግቶ እንዲይዝ አደረገው። ፀሐዩ ጋቢው ላይ አርፎ ተመልሶ ፊታችን ላይ መጣ። ለስላሳ፣ ሞቅ ያለ ብርሃን። ዓይኖቻችን ውስጥ ትንሽ ነጭ ነጥብ ትታያለች፣ እሷ ጋቢው ናት። ፎቶዎቹን ባየሁ ቁጥር ያ ሚዜ በብርድ እየተንቀጠቀጠ የያዘልን ጋቢ ትዝ ይለኛል፣ እግዜር ይስጠው።

ሌላም ያስገረመኝ ነገር አለ፣ ሐበሻ ቀሚስ ለብሳችሁ ለመነሳት ያሰባችሁ ይሄን ልብ በሉ። ካሜራ ብርሃኑን በራሱ ሲለካ ያየውን ሁሉ ወደ መካከለኛ ብርሃን ለማምጣት ነው የሚሞክረው። ነጭ ቀሚስ፣ ነጭ ነጠላ፣ ነጭ እጀ ጠባብ ሲሞላበት "በዛ" ብሎ ፎቶውን ያጨልመዋል። ልብሱ ግራጫ ይሆናል፣ የእኛ ዓይነት ጠይምና ጠቆር ያለ ፊት ደግሞ ጭራሽ ይጠፋል። ፎቶ አንሺው ግን ብርሃኑን የሚለካው ከጉንጫችን ነው። ሁለቱንም ዓይነት አንስቶ በካሜራው ስክሪን አሳየን፣ ልዩነቱ የሌሊትና የቀን ያህል ነው። ልብሱም ቢሆን ብርሃን በዝቶበት ነጭ ብቻ ሆኖ አልቀረም፣ የጥበቡ ክር አንድ በአንድ ይቆጠራል። እናቴ ሽሮሜዳ ድረስ ሄዳ፣ ስንት ሱቅ አዙራ የመረጠችው ጥበብ ነው። መታየት አለበት።

እጮኛዬ ካሜራ አይወድም። ፎቶ ሲነሳ ድርቅ ይላል፣ እጁን የት እንደሚያደርገው ይጠፋዋል። ልጁ ይሄን በ5 ደቂቃ ውስጥ ገባው። "አገጯን ያዝ፣ ግንባሯን ሳም" የሚል ነገር የለም። 85 ሚሊ ሜትር ሌንስ አድርጎ ራቅ ብሎ ቆመና "በቃ እኔን እርሱኝ፣ ወደዚያ ዛፍ እየሄዳችሁ ተጫወቱ" አለን። ትንሽ ቆይቶ "ወንድሜ፣ መጀመሪያ ያገኘሃት ቀን ምን ለብሳ ነበር?" ብሎ ጮኸ። እጮኛዬ መለሰ፣ ግን ተሳስቶ ነው የመለሰው፣ እኔ ዞር ብዬ በትከሻዬ ገፋ አደረግኩት፣ ሁለታችንም ሳቅን። ለጥሪ ካርዳችን የመረጥነው ፎቶ እሱ ነው።

አንድ ሽማግሌ አባትም ዘንጋቸውን ይዘው ከማርያም ሲወርዱ አገኙን። ቆም ብለው አዩንና "የአብርሃምና የሣራ ጋብቻ ያድርግላችሁ ልጆቼ" አሉን። ጎንበስ ብለን አሜን አልን። ፎቶ አንሺው ካሜራውን ወዲያው አላነሳም። መጀመሪያ "አባባ፣ ከጀርባዎ ሆኜ ባነሳ ይፈቅዱልኛል?" ብሎ ጠየቃቸው፣ ፈቀዱለት። የእሳቸው ጀርባና የተነሳው እጃቸው፣ ከፊታቸው ጎንበስ ያልን እኛ፣ ከኋላችን ፀሐይዋ። ከሁሉም የምወደው ይሄ ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ ልምጣ። ሁለተኛው ቦታ ቢሾፍቱ ነበር፣ በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ። እንጦጦ 2 ሰዓት ከሩብ ላይ ጨርሰን፣ አርፈን፣ 9 ሰዓት ላይ ጉዞ ጀመርን። ርቀቱ 45 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው፣ ግን ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ መንገዱም በከባድ መኪና ተጨናንቆ ነበር። ሐይቁ ጋ የደረስነው ከ11 ሰዓት በኋላ ነው። የቢሾፍቱ ሐይቆች ብዙዎቹ እሳተ ገሞራ የፈጠራቸው ጎድጓዳዎች ውስጥ ናቸው፣ ዙሪያቸው ገደል ነው። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ ገደሉ ይጋርዳታል። ወርደን ውሃው ዳር ስንደርስ ታችኛው ቦታ በሙሉ ጥላ ገብቶበታል። ልቤ ተሰበረ፣ ምክንያቱም ውሃው ላይ የሚያበራ ፀሐይ ነበር የጓጓሁለት። ለእንጦጦ ቀድሞ ሄዶ ያየ ሰው ለቢሾፍቱ ይሄን ማሰብ ነበረበት። ወይ 7 ሰዓት ላይ መነሳት፣ ወይ ለሌላ ቀን ማድረግ።

ጥፋቱን አልካደም፣ ይሄን እመሰክርለታለሁ። እየሮጥን ወደ ላይ ወጣን፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ፀሐይዋ ገና ነበረች፣ 20 ደቂቃ ያህል አነሳን። ከዚያ 9 ጥሩ ፎቶ ወጣ። ታች ውሃው ዳር የተነሱት መጥፎ አይደሉም፣ ግን ቀዝቀዝ ያሉ፣ ወደ ሰማያዊ የሚያደሉ ናቸው፣ ከጠዋቶቹ ጋር አልበም ላይ ጎን ለጎን ሲቀመጡ አይዋደዱም። ሌላ ቀን በነፃ ላንሳችሁ ብሎ ነበር፣ እኛ ጊዜ ስላጣን ከቀሪው ክፍያ 4 ሺህ ብር ቀነሰልን። እኔን ብትጠይቁኝ 2 ቦታ በአንድ ቀን አትያዙ። አንድ ቦታ፣ አንድ ጠዋት ይበቃል።

ፎቶውም ዘገየ። በ3 ሳምንት ብለው በ5 ሳምንት ነው ያስረከቡን። ማተሚያ ቤቱ በየቀኑ እየደወለ፣ የጥሪ ካርዱ እኛን እየጠበቀ፣ በጣም ተጨንቀን ነበር። ስትዋዋሉ የማስረከቢያውን ቀን በጽሑፍ አድርጉት።

ከሁሉም በላይ ያስከፋኝ ግን የመጀመሪያዎቹ 10 ፎቶዎች በቴሌግራም ሲላኩልን ነው። ከፈትኳቸው፣ ብርሃኑ ያምራል፣ ሁሉም ያምራል፣ እኔ ግን የለሁበትም። ቆዳዬን አንጥተውታል። እኔ ጠይም ነኝ። እጮኛዬ ጠቆር ይላል። ፎቶው ላይ ሁለታችንም ቀይ ሆነናል፣ ፊቴ ላይ ያለችው ትንሽ ጠባሳ ጠፍታለች፣ ቆዳችን እንደ ፕላስቲክ ለስልሷል። በሌሊት ተነስተን፣ በብርድ ቆመን፣ ያን ሁሉ ብርሃን የጠበቅነው እኛን ራሳችንን እንዲያሳይ ነው። ልጄ አድጋ ያንን ፎቶ ብታይ እናቷን ታውቃታለች ወይ? ኤዲት ለምትሠራው ልጅ ደወልኩላት። ተቆጥቼ አይደለም፣ ግን አልደበቅኩም። "ብዙ ሙሽሮች ራሳቸው ቀላ አድርጊኝ ስለሚሉን ነው" አለችኝ። እኔ ግን አላልኩም፣ አልተጠየቅኩምም። ሊጠይቁኝ ይገባ ነበር።

ይቅርታ ጠይቃ በ4 ቀን ውስጥ ሁሉንም እንደገና ሠራችው። በዚህኛው ዙር የነካችው የብርሃኑን ሙቀትና ጨለማውን ብቻ ነው። የቡና ቀለም ያለው ቆዳ በጠዋት ፀሐይ እንዴት እንደሚያበራ ያየሁት ያኔ ነው። እናቴ ስልኬን ተቀብላ ትንሽ ራቅ አድርጋ አየችና "እሰይ፣ አሁን ልጄን መሰለች" አለች።

ከ5 ብጠየቅ 4 እሰጣቸዋለሁ። ለጠዋቱ ብቻ ቢሆን 5 ነበር። ሚያዝያ ላይ የምታገቡ ከሆነ ፎቶ አንሺውን ስለ ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት በስንት ሰዓት እንደሚያነሳ ጠይቁት፣ ቆዳ ሳይነካ የተሠራ ፎቶ እንዲያሳያችሁም አድርጉ።

ለሰርጉም እነሱኑ ይዘናል። ሥርዓተ ተክሊሉ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ስለሆነ ብርሃኑ እንደ ውጪው አይደለም፣ ፍላሽም እንዲበራ አንፈልግም። መጪው እሁድ ከቅዳሴ በኋላ አብሮን መጥቶ በየትኛው መስኮት፣ በስንት ሰዓት ፀሐይ እንደሚገባ ሊያይ ተቀጣጥረናል።