የኢንተርኔት አቅራቢዬን ኢሜይል ሳልለቅ የራሴን ሰርቨር ካቆምኩ 8 ወር ሞላኝ

ነገሩ የጀመረው አቅራቢዬ የሰጠኝ የኢሜይል ሳጥን ሲሞላ ነው። እኔ ምንም ማስጠንቀቂያ አልደረሰኝም። ወዳጄ ደውላ «ምነው፣ የጻፍኩልሽ ሁሉ እየተመለሰብኝ ነው» ስትለኝ ደነገጥኩ። የዓመታት ደብዳቤዬን ሰው ጓዳ አስቀምጬ እንደኖርኩ ያኔ ገባኝ።

አሮጌ ላፕቶፕ ነበረኝ፤ ሊኑክስ የተባለውን ነጻ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ጫንኩበት። ለመላክ ፖስትፊክስ፣ ደብዳቤውን አስቀምጦ ለስልክና ለኮምፒውተር ለማቅረብ ዶቭኮት፣ ከአቅራቢው ሳጥን እየለቀመ ለማምጣት ደግሞ ፌችሜይል። ሦስቱም በነጻ የሚገኙ ናቸው። የዶሜይኔ (በራሴ ስም ያስመዘገብኩት የኢንተርኔት ስም) አድራሻም ወደ አቅራቢው ሳጥን እንዲተላለፍ አደረግኩ።

የመጀመሪያው ምሽት መላክ አልሆነም። የሚላኩ መልእክቶች የሚጠብቁበትን ወረፋ ስከፍት መልእክቴ እዚያው ቁጭ ብሏል፤ ከሥሩ «ኮኔክሽን ታይምድ አውት» (ግንኙነቱ ምላሽ ሳያገኝ ጊዜው አለፈ) ይላል። ጥፋቱን ከራሴ ሴቲንግ ውስጥ ስፈልግ አመሸሁ። ለካ አቅራቢው በፖርት 25፣ ሰርቨሮች ኢሜይል በሚለዋወጡበት በር፣ የሚወጣውን ዘግቶታል። ብዙዎቹ ከቤት መስመር ላይ እንዲህ ያደርጋሉ፤ ቫይረስ የገባባቸው ኮምፒውተሮች ስፓም እንዳይረጩ ነው። ቢከፈትም ብዙ አይጠቅምም ነበር። የቤት አይፒ (መስመሩ በኢንተርኔት ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) ይቀያየራል፣ እንደ ስፓምሃውስ ያሉ ስፓምን የሚከላከሉ ድርጅቶችም እንዲህ ያሉትን አይፒዎች ለይተው መዝግበዋቸዋል። ተቀባዩ ገና በሩ ላይ ይመልሳችኋል።

መፍትሔው ጥቂት የሴቲንግ መስመሮች ሆኖ አገኘሁት። ፖስትፊክስ የሚላከውን ሁሉ በፖርት 587 ለአቅራቢው ሰርቨር፣ በእኔ ስምና ፓስወርድ እንዲያስረክብ አዘዝኩት። ወረፋው ወዲያው ባዶ ሆነ። አቅራቢውን ያልለቀቅኩትም ለዚሁ ነው። ማድረስ የታመነ ስም ይጠይቃል፣ እሱ አለው። ማስቀመጥ ግን ዲስክ ብቻ ነው የሚጠይቀው፣ እሱን እኔ እችላለሁ። በነገራችን ላይ በራሳችሁ ዶሜይን ስም መላክ የማይፈቅዱ አቅራቢዎች አሉ፤ ሥራውን ከመጀመራችሁ በፊት ጠይቁ።

ከዚያ አንድ መልእክቴ ስፓም ውስጥ ገባ። ተቀባዩ ሙሉ ሄደሩን (ከመልእክቱ ጋር የሚጓዘውን የቴክኒክ መረጃ) ገልብጦ ላከልኝ፤ «ዲኪም ፓስ፣ ኤስፒኤፍ ፌይል»። ዲኪም መልእክቱ ላይ የሚያርፍ ዲጂታል ፊርማ ነው፣ እሱ አልፏል፤ ኤስፒኤፍ በዶሜይኔ ስም መላክ የተፈቀደላቸው ሰርቨሮች ዝርዝር ነው፣ እሱ ወድቋል። በኤስፒኤፍ መዝገቡ ላይ የጻፍኩት የቤቴን አይፒ ብቻ ነበር። ተቀባዩ በር ላይ የሚቆመው ግን የአቅራቢው ሰርቨር ነው። የእሱንም ስጨምር ነገሩ ተስተካከለ። ጂሜይል እ.ኤ.አ. ከፌብሩዋሪ 2024 ጀምሮ ከማንኛውም ላኪ ቢያንስ ከሁለቱ አንዱን ይፈልጋል። እኔ ሁለቱንም እንድታደርጉ እመክራለሁ።

ክፉኛ ያበሳጨኝ ሌላ ነው። ስጠብቀው የነበረ ደብዳቤ 11 ቀን የት እንደገባ ጠፋኝ። ፌችሜይል ካልነገሩት በቀር የሚያመጣው ኢንቦክሱን ብቻ ነው። ደብዳቤው አቅራቢው ዘንድ፣ የስፓም ፎልደር ውስጥ ተኝቷል። እኔ ደግሞ ያንን ሳጥን ማየት ትቼ ነበር። አሁን የስፓሙንም ፎልደር ያመጣልኛል፤ እኔው ቤት አበጥረዋለሁ።

በሦስተኛው ወር ደግሞ ስልኬ ድንገት «ሰርተፊኬቱ ጊዜው አልፏል» ማለት ጀመረ፤ ሰርተፊኬት ሰርቨሩ እውነተኛ መሆኑን ለስልኩ የሚያረጋግጥ ዲጂታል ማስረጃ ነው። በነጻ ከሚሰጠው ከሌትስ ኢንክሪፕት የወሰድኩት ሰርተፊኬት 90 ቀን ነው የሚያገለግለው፣ በራሱ እንዲታደስም አድርጌዋለሁ። ፋይሉን ሳየው እውነትም አዲስ ነው። ዶቭኮት ግን ሲነሳ ያነበበውን አሮጌውን ይዞ ቀጥሏል። ከእድሳቱ በኋላ ዶቭኮት ፋይሉን እንደገና እንዲያነብ የሚያደርግ ትእዛዝ ጨመርኩ፤ ከዚያ ወዲህ ችግር የለም።

ደብዳቤዬን ከስልኬ የማነብበትን ፖርት 993 ለዓለም የከፈትኩት ለጥቂት ሳምንት ብቻ ነው። የሰርቨሩ መዝገብ (ሎጉ) ቀኑን ሙሉ ፓስወርድ በሚገምቱ ሰዎች ይሞላል። አሁን ከውጭ ስሆን ዋየርጋርድ በተባለ ቪፒኤን (ወደ ቤቴ ኔትወርክ የሚወስድ የተመሰጠረ መንገድ) ነው የምገባው።

የምወደው ነገር ፍለጋው ነው። የ10 ዓመት ደብዳቤ ውስጥ አንድ ስም ስጽፍ ወዲያው ያወጣልኛል። ባክአፑም ቀላል ነው፤ በሜይልዲር አቀማመጥ እያንዳንዱ መልእክት ለብቻው አንድ ፋይል ስለሆነ፣ ሌሊት ሌሊት ወደ ሌላ ዲስክ የሚገለበጠው አዲሱ ብቻ ነው።

ባለፈው ወር የላፕቶፑ ዲስክ ሞተ። አዲስ ገዝቼ፣ ሁሉን ጭኜ፣ ከባክአፑ እስክመልስ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ፌችሜይልን ሳስነሳው በእነዚያ ሁለት ቀናት የመጡት 63 መልእክቶች አቅራቢው ሳጥን ውስጥ ይጠብቁኝ ነበር። አንድ በአንድ ሲገቡ ቁጭ ብዬ አየኋቸው።