ጥቁሩ ፈሳሽና የጋራዤ ወለል

ግንበኝነት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ ሊሾ ስሠራ ነው። አሁን የምኖረው ማንቸስተር፣ ግራፊን (የአንድ አቶም ውፍረት ብቻ ያለው የካርቦን ንጣፍ) እ.ኤ.አ. በ2004 ተለይቶ በወጣበት ከተማ ነው። በ2021 ደቡብ እንግሊዝ፣ ኤምስበሪ ውስጥ የአንድ ጂም ወለል ግራፊን በገባበት ኮንክሪት መሞላቱን ስሰማ እጄን በላኝ።

ለጋራዤ ወለል መጀመሪያ የግራፊን ዱቄት ገዛሁ። ሻጩ «ቤቶኔራው ውስጥ በትነው፣ በቃ» አለኝ። በተንኩት፤ እንደ ክፉ ገንፎ ጓጎለ! እነዚህ የካርቦን ቅንጣቶች እርስ በርስ መጣበቅ ይወዳሉ፤ ጓል ሆነው ከቀሩ ደግሞ ማጠንከሩ ቀርቶ ራሳቸው ደካማ ቦታ ይሆናሉ። ሁለት ባልዲ ድብልቅ ደፋሁ። ባለቤቴ ጥቁር እጄን አይታ «ከሰል መነገድ ጀመርክ?» አለችኝ።

ሁለተኛው፣ አስቀድሞ ውሃ ውስጥ የተበተነው ፈሳሽ፣ ሌላ ነገር ነው። ጀሪካኑን በደንብ መነቅነቅ፣ ከዚያ ከማቡኪያው ውሃ ጋር ማዋሃድ ብቻ። መጠኑ ከሲሚንቶው ክብደት 0.1 በመቶ እንኳ አይሞላም። ሲሚንቶው ከውሃ ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠረው ማጣበቂያ በቅንጣቶቹ ላይ ተንተርሶ ያድጋል፤ ለዚህ ነው ጥቃቅን ስንጥቅ የሚቀንሰው። ድብልቁ በግንበኛ ማንኪያ ስር ሲለሰልስ ደስ ይላል።

ዋጋው ግን ያማል፤ ለትንሽ ጋራዥ አያዋጣም። ውሃ ማጠጣትንም አያስቀርም። ሰባት ቀን ሙሉ ያረጠብኩት ክፍል ክረምቱን ንጹህ ሆኖ ወጣ፤ ሰንፌ የተውኳት የበሩ ጥግ ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ አላት።